ቲሎስ፦ በሮድስና በኮስ መካከል ያለች ጸጥተኛ ደሴት

ቲሎስ በደቡብ ምሥራቅ ኤጅያን ባሕር ላይ የምትገኝ ትንሽ የግሪክ ደሴት ናት። በስተምሥራቅ ሮድስ፣ በስተሰሜን ደግሞ ኮስ አለች፤ ሁለቱም በአውሮፓ በጋ በጎብኚ የሚጥለቀለቁ ናቸው። ቲሎስ ግን ስፋቷ ከ60 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ነዋሪዎቿም 800 አይሞሉም። ግሪኮች ዶዴካኒሳ፣ ማለትም «አሥራ ሁለቱ ደሴቶች» ብለው ከሚጠሩት ቡድን አንዷ ናት።

አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከሮድስ በፈጣን መርከብ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ የአቴና ወደብ ከሆነው ከፒሬዎስ ለሚነሳ ግን ሌሊቱን በባሕር ላይ ማደር ግድ ነው። ጅምላ ቱሪዝም እዚህ ያልደረሰበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሌላው ምክንያት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የወሰኗቸው ውሳኔዎች ናቸው፤ እኔ የሚበልጠው ይህኛው ይመስለኛል።

መርከቡ ሊቫዲያ ወደብ ሲደርስ የኋላ መዝጊያውን ያወርዳል፤ የአትክልት ሣጥን የጫነች ፒክአፕ፣ ሁለት ሦስት መኪና፣ ሻንጣ የሚጎትቱ ጥቂት ሰዎች ይወርዳሉ። ደቂቃዎች ሳይቆጠሩ መዝጊያው ይነሣና መርከቡ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ባሕሩ ጠጠሩን ወደ ላይ ሲገፋና መልሶ ሲስብ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ሊቫዲያ ጠጠራማ ዳርቻዋን ተከትላ የተዘረጋች መንደር ናት፤ ቡና ቤቶቿ በዛፍ ጥላ ሥር ናቸው። ቡናው ከእነአተላው ይቀዳል፤ የጀበና ቡና የለመደ ሰው ዝቃጩ እስኪወርድ ታግሦ መጠበቅ አይከብደውም።

ከሊቫዲያ ወደ ውስጥ ሲወጣ ሚክሮ ኾሪዮ፣ «ትንሹ መንደር»፣ ይገኛል። የባሕር ወንበዴ እንዳያየው ተብሎ ከባሕር በማይታይ ስፍራ የተሠራ ነው። ስጋቱ ሲያልፍ፣ በተለይም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ሰዎቹ ቤተሰብ በቤተሰብ ወደ ሊቫዲያ ወረዱ። እንጨት ብርቅ ስለነበረ የጣራውን ማገር እየነቀሉ ለአዲሱ ቤት ወሰዱት። ዛሬ ግድግዳው ቆሟል፣ የምድጃው ቦታና በግድግዳው ውስጥ የተፈለፈሉት መደርደሪያዎች አሉ፣ ከላይ ግን ሰማይ ነው። በፍርስራሹ መካከል በኖራ የተለቀለቀ ቤተ ክርስቲያን ሲታይ ሰዎቹ ቤታቸውን ለቀቁ እንጂ መንደራቸውን እንዳልረሱ ይገባል።

የደሴቷ ዋና ከተማ ሜጋሎ ኾሪዮ፣ «ትልቁ መንደር»፣ በሌላኛው ጫፍ በተራራ ሥር ነው። ከበላዩ የቅዱስ ዮሐንስ ባላባቶች (ሮድስን መቀመጫ አድርገው ደሴቶቹን የገዙ የመስቀል ጦረኞች ማኅበር) ዘመን ግንብ አለ። ከባላባቶቹ በኋላ ኦቶማኖች ገዟት፤ በ1912 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጣልያን ያዘቻት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኢትዮጵያን የወረረው ያው የፋሺስት መንግሥት በ1930ዎቹ በእነዚህ ደሴቶች ትምህርት ቤቶች ጣልያንኛን በግድ ተክሎ ነበር። ቲሎስ ከግሪክ ጋር የተቀላቀለችው በ1948 ነው።

ደሴቷን በሳይንሱ ዓለም ያስጠራት ግን ኻርካዲዮ የተባለው ዋሻ ነው። በ1971 የአቴና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዋሻው ውስጥ የድንክ ዝሆኖች አጥንት አገኙ። የእነዚህ ዝሆኖች ቅድመ አያቶች በትከሻቸው አራት ሜትር ገደማ የሚደርሱ ግዙፍ የዋናው ምድር ዝሆኖች ነበሩ። ደሴት ላይ ምግቡ ጥቂት፣ አንበሳም ሆነ ሌላ ትልቅ አዳኝ የለም። በዚህ ሁኔታ ትልቅ ገላ መሸከም ጥቅሙ ከጉዳቱ ያንሳል፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ እያነሱ ሄደው ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በታች ሆነ። ዝርያው በ2007 ፓሌዎሎክሶዶን ቲሊየንሲስ የሚል የራሱን ስም አገኘ። በአውሮፓ ምድር ከጠፉት ዝሆኖች ሁሉ የመጨረሻዎቹ እነዚህ ሳይሆኑ አይቀሩም ይባላል። ባሕር በከበባት በዚህች ድንጋያማ መሬት ላይ ዝሆን መሰማራቱን ማሰብ ብቻውን ልብ ይይዛል።

ወደ ነዋሪዎቹ ውሳኔ እንመለስ። ሐኪም የነበሩት ከንቲባ ታሶስ አሊፌሪስ በ1993 አደን በደሴቷ እንዲከለከል አደረጉ። አዳኞች ገንዘብ ይዘው ይመጡ ስለነበር ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ዛሬ ቆቅ ከመንገደኛ እግር ሥር እየተነሣ ይሮጣል፤ የኤሌኖራ ጭልፊት በገደሉ ላይ ይፈለፍላል። ይህ ጭልፊት በመኸር በምሥራቅ አፍሪካ በኩል አድርጎ የአውሮፓን ክረምት ለማሳለፍ ማዳጋስካር ድረስ የሚጓዝ ወፍ ነው። ወፍ ለማየትና በእግር ለመሄድ የሚመጣው እንግዳ ጦስኝ የሚሸትተውን ኮረብታ ሲያቋርጥ ጥይት አይሰማም።

መብራትም እንዲሁ ነው። ቀድሞ ኤሌክትሪክ ከኮስ በባሕር ሥር ኬብል ይመጣ ነበር፤ ኬብሉ ሲበላሽ ደሴቷ ትጨልማለች። በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ 800 ኪሎ ዋት የሚያመነጭ አንድ የነፋስ ተርባይን፣ 160 ኪሎ ዋት የፀሐይ ፓነልና ትልቅ ባትሪ ተተከሉ፤ ሥራው በ2017 ሁለት የአውሮፓ ሽልማት አግኝቷል። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ነዋሪዎቹ ፖሊግሪን ከተባለ ኩባንያ ጋር ሆነው የቆሻሻ ገንዳውን ከመንገድ አነሡት። እያንዳንዱ ቤት ቆሻሻውን በየዓይነቱ ለይቶ መለያ ኮድ ባለው ከረጢት ያስቀምጣል፤ ሠራተኛ ከደጅ ይወስደዋል። የቀድሞው ቆሻሻ መጣያ ተዘግቷል። ይህችው ደሴት ከ2015 ወዲህ የሶሪያ ስደተኛ ቤተሰቦችን በፈቃዷ ተቀብላ አስተናግዳለች፤ ሌሎች በር ሲዘጉ ማለት ነው።

በምዕራብ ጫፍ፣ ከባሕር በላይ በተራራ ላይ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተው የቅዱስ ጰንጠሌዎን ገዳም አለ። ጰንጠሌዎን ያለ ክፍያ ሕሙማንን ይፈውስ የነበረ ሰማዕት ሐኪም ሲሆን በእኛም ስንክሳር ይታወሳል፤ ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ ከሆኑት ከአባ ጰንጠሌዎን ዘጾማዕት ጋር በስም አንድ ይሁን እንጂ ሰው ሌላ ነው። በዓሉ በሐምሌ መጨረሻ በፈረንጆች ከ25 እስከ 27 ይከበራል። ከምንጩ ውኃ እየተጠጣ፣ ለመጣው ሁሉ ምግብ እየቀረበ ሌሊቱ በዘፈንና በጭፈራ ይነጋል። ቀጥሎም በሜጋሎ ኾሪዮ «ኩፓ» የሚባለው የጽዋ ጭፈራ አለ፦ ጽዋ ይዞራል፣ ሰው ገንዘብ ይጥልበታል። በሌላ ሀገር የሚኖሩ የደሴቷ ልጆችም ለዚህ በዓል ይመለሳሉ፤ ማረፊያ የሚጠበውም ያን ሰሞን ነው።

በረጋ ጊዜ መምጣት የሚሻ ሰው ግንቦትን፣ ሰኔን ወይም መስከረምን ይምረጥ። በአውሮፓ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ አብዛኛው ማረፊያና ምግብ ቤት ይዘጋል። ሊቫዲያን፣ ሜጋሎ ኾሪዮንና ረጅሙን የኤሪስቶስ ዳርቻ የሚያገናኝ አውቶቡስ ስላለ መኪና የግድ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ሜልተሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ይበረታል፤ ሲብስ መርከብ ከወደብ እንዳይነሣ ይከለከላል። ስለዚህ ከሮድስ አውሮፕላን የሚይዝ ሰው ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ከቲሎስ ይውጣ።