በዊንድሰርፊንግ «ከፍተኛ ፍጥነት» ማለት ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ባሉ ካፌዎች የስፖርት ወሬ ሲነሳ ሜዳውን የሚይዙት እግር ኳስና አትሌቲክስ ናቸው፤ ዊንድሰርፊንግ የሚነሳው አንድ ሰው በስልኩ ያገኘውን ቪዲዮ ለጓደኞቹ ሲያሳይ ብቻ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። በቪዲዮው አንድ ሰው ከትከሻው በማይሰፋ ሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ ሸራ ጨብጦ፣ ጀርባው ውሃውን ሊነካ እስኪደርስ ተንጋሎ ሽው ብሎ ያልፋል። ከሥሩ «በሰዓት 103 ኪሎ ሜትር» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ጉዳዩ አጓጉቶት ጥቂት የሚያገላብጥ ሰው ግን በዚያው ዘመን የጸና የዓለም ክብረ ወሰን ከ99 ኪሎ ሜትር በታች ሆኖ ስለሚያገኘው ግራ ይጋባል። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የለኩት ግን የተለያየ ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ስፖርት «ከፍተኛ ፍጥነት» የሚባለውን ለመረዳት መጀመሪያ ፍጥነቱ ስንት ሜትር ወይም ስንት ሰከንድ ጸንቶ እንደተለካ መጠየቅ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዊንድሰርፊንግ በ1960ዎቹ በአሜሪካ የተወለደ፣ ከ1984 ጀምሮ በኦሊምፒክ የተካተተ ስፖርት ነው። ሸራው የተወጠረበት ምሰሶ በሰሌዳው ላይ የሚቆመው ወደ ሁሉም አቅጣጫ በሚተጣጠፍ መጋጠሚያ ስለሆነ፣ ሸራውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውም ሰሌዳውን የሚመራውም የተወዳዳሪው አካል ነው። በኦሊምፒኩ ውድድር በውሃ ላይ የተተከሉ ምልክቶችን እየዞሩ መቀዳደም ይኖራል፤ ስፒድ ዊንድሰርፊንግ በሚባለው ዘርፍ ግን አንድ ሰው በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ከሰዓት ጋር ብቻ ይፋለማል።

መደበኛው ርቀት 500 ሜትር ነው። ከ1972 ጀምሮ በሸራ የሚሄዱ ነገሮችን ሁሉ ፍጥነት የሚያጸድቀው የዓለም የሸራ ፍጥነት ክብረ ወሰን ምክር ቤት የሚቀበለው በዚህ ርቀት ላይ የተገኘውን አማካይ ፍጥነት ሲሆን፣ ከእርሱ ጎን የአንድ ኖቲካል ማይል ማለትም የ1,852 ሜትር ክብረ ወሰንም አለ። ተወዳዳሪው ወደ መነሻው መስመር የሚደርሰው አስቀድሞ ተንደርድሮ ነው፤ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መስመሩን ሲያቋርጥ ነው። ውሃው ራሱ የሚፈስ ከሆነ ሰሌዳውን ተሸክሞ ሊያፋጥነው ስለሚችል፣ የውሃው ፍሰት ከአንድ ኖት እንዳይበልጥ ደንቡ ያዝዛል። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። በ2015 ፈረንሳዊው አንትዋን አልቦ በናሚቢያዋ ሉደሪትዝ ከተማ ያስመዘገበው 53.27 ኖት፣ በሰዓት 98.66 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለዓመታት ሳይደፈር የቆየ ውጤት ነው። ይህ ማለት በስታዲየም መሮጫ አንድ ዙር ከሩብ የሚሆነውን ርቀት ከ18 ሰከንድ በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ መጨረስ ነው።

የ103 ኪሎ ሜትሩ ቁጥር የሌላ ልኬት ውጤት ነው። ለብዙ ዓመታት የዊንድሰርፊንግ ሻምፒዮን የነበረው ቢዮርን ዱንከርቤክ በ2021 እዚያው ሉደሪትዝ ላይ ያስመዘገበው ይህ ፍጥነት የሩጫው ጫፍ፣ ማለትም ለቅጽበት ብቻ የተደረሰበት ከፍታ ነው። እንዲህ ያለው ልኬት የተስፋፋው ተወዳዳሪዎች በክንዳቸው ወይም በራስ ቁራቸው ላይ የጂፒኤስ መሣሪያ ማሰር ከጀመሩ ወዲህ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚያዘውም የሁለት ሰከንድ አማካይ ነው። ለምን የአንድ ቅጽበት ንባብ አይበቃም የሚል ሰው ሰንጋ ተራ ባሉት ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል በስልኩ ጂፒኤስ ሞክሮ ይመልከት፤ ምልክቱ ከግድግዳና ከመስታወት እየነጠረ ስለሚመጣ፣ በእግሩ የሚሄደውን ሰው ስልኩ ድንገት በመኪና ፍጥነት ሲያስኬደው ይታያል። በክፍት ውሃ ላይ ይህ ችግር ቢያንስም የመውደቅና የክንድ መወራጨት ሐሰተኛ ንባብ ሊፈጥር ይችላል። በጂፒኤስ የሚወዳደሩ ሰዎች ከሁለት ሰከንዱ ሌላ የአምስት ምርጥ የአሥር ሰከንድ ሩጫዎችን አማካይ፣ የአንድ ሰዓት ጉዞን፣ እንዲሁም ሄዶ በመዞር ወደ መነሻው አቅራቢያ መመለስን የሚጠይቅ «አልፋ» የተባለ ዓይነት አላቸው። እኔ ከሁሉም የማከብረው የ500 ሜትሩን ነው፤ አንድ መልካም የነፋስ ግፊት ለሁለት ሰከንድ ሰውን ሊያስወነጭፍ ይችላል፣ 18 ሰከንድ ሙሉ ግን ስሕተትን ሸሽጎ መዝለቅ አይቻልም።

ፍጥነቱ ከየት እንደሚመጣ ሲታሰብ ብዙ ሰው የሚገምተው ነፋሱን በጀርባ አድርጎ መሸሽን ነው። ነገር ግን ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ የሚሄድ ሰው ፍጥነቱ ከነፋሱ ጋር ሲስተካከል ሸራው ምንም ነፋስ አይሰማውም፤ የሚገፋው ነገር ስላበቃ ከዚያ ማለፍ አይችልም። ነፋሱን በጎን የሚወስድ ሰው ግን በራሱ ጉዞ የሚፈጠረው አየር ከእውነተኛው ነፋስ ጋር ተደምሮ ለሸራው የሚደርሰውን ነፋስ ስለሚያበረታ፣ ከነፋሱ በላይ መፍጠን ይቻለዋል። ይህም ያለ ዋጋ አይገኝም፤ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሚሰማው ነፋስ ወደ ፊት ለፊት እየዞረ ይመጣና ሸራው ወደፊት ከመግፋት ይልቅ ወደ ጎን መጎተት ያበዛል። በመሆኑም ተመራጩ መንገድ ሁለቱን የሚያስታርቅ ሲሆን፣ ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ከ120 እስከ 140 ዲግሪ ገደማ ዞር ያለ ነው።

ነፋሱ ብርቱ መሆን አለበት፤ ለክብረ ወሰን የሚፈለገው በሰዓት 70 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚነፍስ፣ ጎልማሳን ሰው ቀጥ ብሎ እንዳይሄድ የሚያግድ ነፋስ ነው። እንዲህ ያለ ነፋስ ደግሞ በክፍት ባሕር ላይ ማዕበል ያስነሳል፤ በ90 ኪሎ ሜትር ለሚበር ሰሌዳ የጣት ከፍታ ያላት ሞገድ እንኳ ድንጋይ ናት። የስፖርቱ ታሪክ በአመዛኙ የዚህ ቅራኔ ታሪክ ነው ብል አልተሳሳትኩም፤ ብርቱ ነፋስና ለጥ ያለ ውሃ በአንድ ቦታ የሚገናኙት በተፈጥሮ ብዙም ስላልሆነ፣ ሰዎች ቦታውን ለመሥራት ተነሡ። በደቡብ ፈረንሳይ ሴንት ማሪ ደ ላ ሜር በተባለች ከተማ ሚስትራል የሚባለው የሰሜን ነፋስ በሰያፍ እንዲያቋርጠው ተሰልቶ ቦይ ተቆፈረ። ቦዩ ጠባብ ስለሆነ ነፋሱ በውሃው ላይ የሚሮጥበት ርቀት ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ ማዕበል ለማደግ ርቀት ስለሚፈልግ በቦዩ ውስጥ ለማደግ ጊዜ አያገኝም። በዚያ ቦይ ኤሪክ ቢል በ1988 በ40.48 ኖት የ40ን ደፍ የተሻገረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ቲየሪ ቢዬላክ በ1993 45.34፣ ፊኒያን ሜይናርድ በ2005 48.70፣ አልቦ በ2008 49.09 አደረሱት። ከእነዚህ በፊት በ1986 ፓስካል ማካ በካናሪ ደሴቶች፣ በፉዌርቴቬንቱራ ጠረፍ፣ ያስመዘገበው 38.86 ኖት ልዩ ቦታ አለው፤ አንድ ሰው በብብቱ ይዞ የሚሄደው ሰሌዳ በወቅቱ በዓለም ላይ ከነበሩ የሸራ ጀልባዎች ሁሉ የፈጠነበት ቀን ነበርና።

ሉደሪትዝ የዚህን ቦይ ሐሳብ ወደ አፍሪካ ያመጣች ናት። ከባሕሩ በኩል ቀዝቃዛው የቤንጉዌላ ጅረት፣ ከየብሱ በኩል የጋለው የናሚብ በረሃ ተፋጥጠው ስለሚገኙ፣ በመካከላቸው ያለው የሙቀት ልዩነት በጥቅምትና በኅዳር ወራት የደቡቡን ነፋስ ያበረታዋል። ቦዩ ጥልቀት በሌለው ወሽመጥ ጠርዝ በአሸዋና በጭቃ ላይ የተቆፈረ፣ ስፋቱም ጥቂት ሜትር ብቻ የሆነ ነው። ተወዳዳሪው በቦዩ ራስ ላይ ሸራውን ይዞ ቆሞ ይጠብቃል፤ ነፋስ በጥቅሉ መንፈሱ ሳይሆን 18 ሰከንድ የሚዘልቅ የበረታ ግፊት መምጣቱ ነው የሚጠበቀው፤ ይህንንም የሚያነበው ከላይ በኩል ከሚነሣው የአሸዋ ጭስ ነው። ተነሥቶ ሲንደረደር በወገቡ የታጠቀውን መንጠቆ በሸራው መያዣ ዘንግ ገመድ ላይ ይሰካል፤ ከዚያ ክንዶቹ ሳይሆኑ የሰውነቱ ክብደት ሸራውን ይሸከማል። የሸራውን የታች ጠርዝ ከሰሌዳው ጋር እስኪገጥም ወደ ኋላ ያስተኛዋል፤ በዚያ ክፍተት አየር እንዳያመልጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሥራ አለመንቀሳቀስ ነው ቢባል ይቀላል፤ ከቦዩ ዳር እስከ ዳር ያለው ርቀት ትንሽ ስለሆነ፣ አንድ የእግር ስሕተት ሰውየውን በመቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት አሸዋው ላይ ያወጣዋል። ሩጫው ሲያልቅ በመኪና ወደ ቦዩ ራስ ተመልሶ ደግሞ ይጠብቃል። ከሴቶች ብሪታንያዊቷ ዛራ ዴቪስ በ2012 በዚሁ ቦይ 45.83 ኖት አስመዝግባ የነበረ ሲሆን፣ ይህ ውጤት ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል።

በዚህ ስፖርት ክብደት ጸጋ ነው። ሸራው ሰውየውን ወደ ውሃው ሊደፋው ሲጎትት በተቃራኒው የሚመልሰው የተንጋለለው አካሉ ብቻ በመሆኑ፣ ከባድ ሰው ትልቅ ሸራ መሸከም ይችላል፤ ቀለል የሚሉቱም ክብደት ያለበት ሰደርያ ይለብሳሉ። ውሃውና አየሩ ወደ ኋላ የሚጎትቱበት ኃይል በግርድፉ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ የሚያስፈልገው ጉልበት በኪዩብ ይጨምራል፤ ከ40 ኖት ወደ 50 ለመድረስ ሩብ ያህል ፍጥነት ለመጨመር ጉልበቱን ወደ እጥፍ የሚጠጋ ማድረግ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ግን ዐይን የማያየው የሰሌዳው የታች ክፍል ነው። ከሰሌዳው ሥር የምትወጣው ፊን የምትባል ስስ ክንፍ ሸራው ወደ ጎን የሚገፋውን በውሃ ውስጥ ተቃውማ የምትይዘው እርስዋ ናት። ይህን የምታደርገው በአንድ ጎንዋ ያለውን የውሃ ግፊት ዝቅ በማድረግ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው የከተማዋ ከፍታ የአየሩን ግፊት ስለቀነሰው መሆኑን ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ በሽሮው መዘግየት ያውቀዋል፤ ግፊቱ እጅግ ዝቅ ቢል ደግሞ ውሃ በቀዝቃዛነቱ ይፈላል። ከ50 ኖት ወዲያ በፊን ጎን የሚያሰጋው ይኸው ነው፤ ውሃው ወደ እንፋሎት አረፋ ይለወጥና ፊን የምትይዘው ነገር ታጣለች። ካቪቴሽን ይባላል። ከዚያ ዝቅ ባለ ፍጥነትም ቢሆን ከላይ አየር ተስቦ ወደ ፊኗ ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሰሌዳው ኋላ በድንገት ይሾልካል። ለዚህ ነው ሠሪዎች ለአንድ ጎን ብቻ የተቀረጹ፣ ሁለት ፊታቸው የማይመሳሰል ፊኖችን የሚሠሩት፤ ሩጫው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ስለሆነ ሌላው ጎን አይፈለግም።

ይህ ገደብ ለሰሌዳ ብቻ አይደለም። ፖል ላርሰን በ2012 በናሚቢያዋ ዋልቪስ ቤይ «ሴይልሮኬት 2» በተባለች የሸራ ጀልባ 65.45 ኖት፣ በሰዓት 121 ኪሎ ሜትር፣ ያስመዘገበው ከአረፋው ጋር መታገሉን ትቶ አየር ሆን ተብሎ በአንድ ጎኑ እንዲገባ የተቀረጸ የውሃ ክንፍ በመጠቀሙና፣ ሸራውም ጀልባዋን ወደ ጎን እንዳይደፋት ኃይሎቹ እንዲመጣጠኑ ተደርጋ በመሠራቷ ነው። በአየር ላይ በሚበር ካይት የሚጎተቱትም ዊንድሰርፈሮችን ቀድመዋል፤ አሌክስ ካይዘርግ በ2017 57.97 ኖት ደርሷል።

እኛ ጋ ይህ ስፖርት ለምን አይሞከርም የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ መልሱ ባሕር አለመኖሩ ብቻ አይደለም። አየር በከፍታ እየሳሳ ይሄዳል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠረፍ ከአምስተኛው እጅ በላይ ያነሰ ስለሆነ፣ እኩል የሚነፍስ ነፋስ ሸራን በዚያው ልክ ደከም አድርጎ ይገፋዋል። ዝቅ ብሎ ያለው ላንጋኖ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ቢያገኝም ሰፊ ሐይቅ ስለሆነ፣ ነፋሱ ውሃውን ማዕበል ሳያለብስ አይተወውም፤ ለመዝናናት ይበቃል፣ ለክብረ ወሰን ግን አይሆንም።

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድፈን የሚያስፈልገው 54 ኖት ነው፤ 500 ሜትሩን በ18 ሰከንድ መጨረስ ማለት ነው። ከአልቦ የ2015 ሩጫ ጋር ሲተያይ የጎደለው ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። በጉልበት ሲሰላ ግን 4 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል፤ ይህም የሚገኘው ከከበደ ተወዳዳሪ፣ እስከ ቦዩ መጨረሻ ሳይደክም ከሚዘልቅ ግፊት፣ ወይም አረፋ ሳይነሣባት ከምትቆይ ፊን ነው። ከእነዚህ ሦስት ነገሮች መካከል ሠሪዎች በእጃቸው ሊያሻሽሉት የሚችሉት የመጨረሻውን ብቻ ነው።