«አበበ» እና ተመሳሳዮቹ፦ ከጅማ የቡና አበባ አንጻር

«አበበ» ተክል አበባ ማውጣቱን የሚናገር የአማርኛ ግሥ ሲሆን፣ «አበባ» እና «ማበብ» የዚሁ ሥር ቤተሰቦች ናቸው። ከእርሱ ጎን የሚቆሙት «ፈካ»፣ «ፈነዳ» እና የግእዙ «ጸገየ» ብዙ ጊዜ እንደ አቻ ይቆጠራሉ፤ ይሁን እንጂ አንዱ ሁልጊዜ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

ልዩነቱን ለማየት የጅማ ቡና ጥሩ ማሳያ ነው። የቡና እንቡጥ በበጋው ደረቅ ወራት ሳይከፈት ይቆይና ዝናብ ሲያገኝ ይነቃል፤ ከሳምንት ወይም ከዐሥር ቀን በኋላም ቅርንጫፉ በአንድ ጊዜ ነጭ ለብሶ ያድራል፣ መዓዛውም ከሩቅ ይታወቃል። እያንዳንዱ እንቡጥ ተከፍቶ ቅጠሎቹን ሲዘረጋ «ፈካ» እንላለን፤ ዛፉን ወይም ማሳውን በጠቅላላ ስናይ ግን «ቡናው አበበ» ማለቱ ይቀናል። «ፈነዳ» ደግሞ የመከፈቱን ቅጽበት ስለሚያጎላ ለጽጌረዳ ይስማማል፤ ለቡና ሲነገር ግን፣ በእኔ ግምት፣ ትንሽ ይከብዳል። ከተማዋ ሁለት ቋንቋ የምታደምጥ በመሆኗ አማርኛ ተናጋሪው በአፋን ኦሮሞ «ደራሩ» (ማበብ) እና «አባቦ» (አበባ) የሚሉትንም ቃላት ይሰማል፤ የኋለኛው ከአማርኛው ጋር ያለው ቅርበት ጆሮ አይስተውም። የአትሌት ደራርቱ ቱሉ ስምም ከዚሁ «ደራሩ» የመጣ ነው።

«ፈካ» ከአትክልት ውጭም ሰፊ ግዛት አለው፦ ፈንዲሻ ይፈካል፣ የደስተኛ ሰው ፊት ይፈካል፣ ቀለምም ብርሃን ሲበዛበት «ፈካ ያለ ሰማያዊ» ይባላል። «አበበ» በአንጻሩ ወደ ብልጽግና ያዘነብላል፤ ንግድ፣ ሥነ ጽሑፍና ከተማ ያብባሉ እንጂ አይፈኩም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ለአዲሱ መንደር የሰጡት «አዲስ አበባ» የሚለው ስም ቃሉ ለሰፈራ የዋለበት እጅግ የታወቀ ምሳሌ ነው። ለሰው ስምም «አበበ»፣ «አበባ» እና «አበባየሁ» የተለመዱ ናቸው።

«ጸገየ» በዕለት ንግግር እምብዛም አይሰማም። «ጽጌ» የሚለው ስም ግን በሰው መጠሪያ፣ በ«ጽጌረዳ» እና ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚቆየው ዘመነ ጽጌ ሕያው ሆኖ ይኖራል።

አንድ ሰዋስዋዊ ችግር እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት። «አበበ»ን በ«አስ-» አስደራጊ እናድርገው ብንል «አሳበበ» ይወጣል፤ ይህ ቅርጽ ግን ሰበብ ማቅረብ በሚለው ትርጉም ስለተያዘ «ዝናቡ ቡናውን አሳበበው» ያለ ሰው አድማጩን ፈገግ ያሰኛል። ጸሐፊዎች «እንዲያብብ አደረገው» ማለትን የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

በተቃራኒ በኩል «ጠወለገ» እና «ረገፈ» ይቀመጣሉ። «ጠወለገ» በእርግጥ የጉዳት ቃል ነው፤ «ረገፈ» ግን ለቡና ሁልጊዜ ኪሳራ ማለት አይደለም። የፈካው አበባ ሁለት ሦስት ቀን ያህል ቆይቶ ሲረግፍ ፍሬ የያዘው እምብርት በቅርንጫፉ ላይ ይቀራል፤ በክረምቱ አረንጓዴ ሆኖ ያድግና በጥቅምትና በኅዳር ቀልቶ ይለቀማል፤ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ግሥ «አፈራ» ነው።