ዴሪክ ዋልኮት፦ የሴንት ሉሺያ ባለቅኔ

ዴሪክ ዋልኮት (1930–2017፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካሪቢያን ባሕር ከምትገኘው ከሴንት ሉሺያ የወጣ ባለቅኔ፣ ጸሐፌ ተውኔትና ሠዓሊ ነው። ደሴቲቱ ስፋቷ 617 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ፈረንሳይና እንግሊዝ 14 ጊዜ ተቀባብለዋታል። ከዚያ ታሪክ ሁለት ቋንቋ ተረፈ፤ የመንግሥትና የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ፣ የገበያውና የዓሣ አጥማጁ ክዌዮል፣ ማለትም ከፈረንሳይኛ የተወለደው የደሴቲቱ አነጋገር። ግጥሞቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይጻፉ እንጂ ክዌዮሉ ከሥር ይሰማል።

በዋና ከተማዋ በካስትሪስ ጃንዋሪ 23 ቀን ከመንታ ወንድሙ ከሮደሪክ ጋር ተወለደ። አባቱ ገና በጨቅላነቱ ሞተ፤ ያሳደገችው አስተማሪዋ እናቱ አሊክስ ናት። በ14 ዓመቱ በጋዜጣ ያወጣውን ግጥም አንድ የካቶሊክ ቄስ ክህደት ነው ብለው በአደባባይ ነቀፉት። በ1948 «25 ግጥሞች» የተባለውን መድበል ያሳተመው እናቱ በሰጠችው 200 ዶላር ነበር፤ ራሱ እየዞረ ሸጦ ገንዘቡን መለሰላት። ሥዕል ያስተማረው ሃሮልድ ሲመንስ ነው። እሱንና የሴንት ሉሺያን ሰንደቅ ዓላማ የነደፈውን ጓደኛውን ደንስተን ሴንት ኦመርን በ1973 በወጣው «ሌላ ሕይወት» በተባለው ረጅም ግጥሙ ውስጥ እናገኛቸዋለን። በ1959 በትሪኒዳድ የመሠረተው የቴአትር ቡድን ለዓመታት የተውኔቶቹ ቤት ሆኖ ቆየ።

ትልቁ ሥራው በ1990 የታተመው «ኦሜሮስ» የተባለው ረጅም ግጥም ነው፤ ስሙ የጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ የሆሜር ስም በግሪክኛ ነው፤ ሰባት መጻሕፍት፣ 64 ምዕራፎች፣ በየምዕራፉ ሦስት ክፍል። አንጓው ሦስት ሦስት መስመር ሲሆን፣ መስመሩ ስድስት ምት ያህል ይረዝማል። ይህ አንጓ የተወሰደበት የጣሊያን የግጥም ሥርዓት (ቴርዛ ሪማ) አንደኛውና ሦስተኛው መስመር ቤት እንዲመቱ፣ የመካከለኛውም ቤት ወደሚቀጥለው አንጓ እንዲተላለፍ ያዛል። ዋልኮት ሕጉን ያላላዋል፤ ግማሽ ቤት ይመታል፣ አንዳንዴም ቤቱን ከሩቅ ይመልሰዋል። ርዕሱን ራሱ ግጥሙ ይፈታዋል፦ «ኦ» የባሕር ዛጎል ጥሪ፣ «ሜር» በደሴቲቱ አነጋገር እናትም ባሕርም፣ «ኦስ» አጥንት። ቅኔ የሚያውቅ ሰው «ሜር» ኅብረ ቃል መሆኗን ወዲያው ይይዛታል።

ብዙ አንባቢ የሚስተው የሆሜርን ተረክ በየገጹ ሲፈልግ ነው። በሆሜር ጀግኖች ስም የሚጠሩት አሺልና ኤክቶር በአንዲት ሴት የሚጣሉ ዓሣ አጥማጆች እንጂ የጦር አለቆች አይደሉም። የጥንት ግሪክና ሮም ስም ለባሪያ ማውጣት በካሪቢያን የተለመደ ነበርና ስሞቹ ራሳቸው የባርነት ቅርስ ናቸው። ኤክቶር ታንኳውን ትቶ የተሳፋሪ መኪና ይነዳል፣ በመኪናውም ይሞታል፤ ባሕሩ ሲተው ምን እንደሚጠፋ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ቦታ በግጥሙ ውስጥ የለም። ሌላው ገጸ ባሕርይ ፊሎክቴት በዛገ መልሕቅ የቆሰለ እግሩን ይዞ ይኖራል፤ የምታድነው ባለመጠጥ ቤቷ ማ ኪልማን ናት፣ መድኃኒቱም ዘሩ ከአፍሪካ በወፍ የመጣ ተክል ነው። አሺል በታንኳው ላይ የጻፈው ስም ሆሄ ተሳስቷል፤ እርማት ግን እንቢ ይላል። ዋልኮትም የሕዝቡን አነጋገር እንዲሁ ሳያቃና ይተወዋል።

የኖቤል ሽልማትን በ1992 አገኘ። በማግስቱ ዓመት በኮሎምበስ ስም ይጠራ የነበረው የካስትሪስ አደባባይ በእሱ ስም ተሰየመ። የተቀበረውም ከተማይቱን ቁልቁል በሚያየው በሞርን ፎርቹን ኮረብታ ነው።

ለጀማሪ «ኦሜሮስ» ይከብዳል። በመርከበኛው በሻቢን አንደበት የተተረከው «ስኩነር ፍላይት» የተባለው ግጥሙ የተሻለ መግቢያ ነው፤ ምቱ ከንግግር የተቀዳ ስለሆነ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ያስፈልጋል።