የጠቆረ ጣት፦ አንዱ ወዲያው ሲቆረጥ ሌላው ለምን ይጠበቃል?

ደሴ ሆስፒታል ውስጥ ልጃቸውን የሚያስታምሙ ወላጆችን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ ሲወስዱ ቆይተው እጃቸው ከጠቆረባቸው ሁለት ወጣቶች አንዱ በዕለቱ ቀዶ ጥገና ይገባል፤ ሌላው ሳምንታት ይጠብቃል። ይህ አድልዎ አይደለም።

ደርቆና ተጨማዶ የጠቆረ፣ ሽታም ፈሳሽም የሌለው ጣት ደም ተቋርጦበታል እንጂ አልመረቀዘም። የሞተው ከሕያው የሚለይበት ድንበር እስኪጠራ ይጠበቃል፤ ቸኩሎ መቁረጥ ሊተርፍ የሚችለውን አብሮ ይወስዳል። ያበጠ፣ የሚሸትና ፈሳሽ ያለው ከሆነ ግን መርቅዟል፤ ምርቀዛውን ያመጣው ጀርም ወደ ደም ሊዛመት ይችላል። ያኔ መዘግየት ይገድላል።

መነሻው አንዳንዴ ንጹሕ ያልሆነ መርፌ የሚያመጣው ምርቀዛ ነው። አንዳንዴ ደግሞ መርፌው ደም መልሱን (ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ሥር) ስቶ ደም ቅዳው (ደም ወደ ጣቶች የሚወስደው ሥር) ላይ ያርፋል። በተለይ ተፈጭቶ የተበጠበጠ ክኒን የማይሟሟ ብናኝ ስላለው ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ይደፍናል፤ ሥሩ ይኮማተራል፣ ደምም ይረጋል። በተወጋበት ቅጽበት እስከ ጣት ጫፍ የሚያቃጥል ሕመም ይሰማል፤ ከዚያ እጁ ይገረጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል።

ደም የተቋረጠበት ጡንቻ 6 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ የመትረፍ ዕድሉ እጅግ ይመነምናል። ኮምቦልቻ ያለ ቤተሰብ «ሰው ምን ይለናል» ብሎ ልጁን ቤት ሲያሳድር የሚያልፈው ያ ሰዓት ነው፤ እጅግ የሚያሳዝነኝም ይህ ነው። እጁን በሙቅ ውኃ አትዘፍዝፉ፣ አትሹት፣ በጨርቅም አትሰሩት። ምን እንደተወጋና በስንት ሰዓት እንደሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ፤ ሕክምናው የሚወሰነው በዚያ ነው።