የውጭ ቀለም ካታሎግ ላይ አይመረጥም

ደሴ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነኝ። በዚህ ሥራ ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። ሰው የቀለም ካታሎግ ላይ የክብሪት ሳጥን የምታክል ናሙና አይቶ፣ ወይም ስልኩ ላይ የአንድ ቪላ ፎቶ ከፍቶ «ልክ ይሄን ቀባልኝ» ይለኛል። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ እንሞክረው ስል «ምን ያስፈልጋል? ቀለም ያው ቀለም ነው» ይባላል። ወደሱ እመለሳለሁ፣ መጀመሪያ ሌሎቹን ትንንሽ የተሳሳቱ አባባሎች ቶሎ ልጨርስ።

«ነጭ ይቆሽሻል።» ሁሉም ይቆሽሻል። ጭቃ የሚመታው ከቆርቆሮው የወረደው ውሃ መሬት ነጥሮ የሚረጨው የታችኛው ክፍል ነው። አሸንዳ አሰቅሉ፣ ዞኮሎውን፣ ማለትም የግድግዳውን የታችኛውን ጠርዝ፣ ጠቆር አድርጉት፣ ከዚያ በላይ ነጭም ቢሆን ቀቡ።

«አንድ እጅ ይበቃል።» አይበቃም። ሁለት ዙር ነው።

«ደማቅ ቀለም ይቆያል።» ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለቀው እሱ ነው፣ በተለይ ደማቅ ቀይና ደማቅ ቢጫ። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነች፣ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ቀለም የሚያነጣው የፀሐይ ጨረር ይበረታል። ብርድ ስለሆነ ፀሐይዋ አትጎዳም የሚል ሰው ምዕራብ የሚያየውን ግድግዳውን ሄዶ ይመልከት። የአፈር ቀለሞች፣ ማለትም ቡኒው፣ የሸክላው ቀይ፣ የገለባው ቢጫ፣ ከብረት ዝገት የሚገኝ ማቅለሚያ ስላላቸው ፀሐይን ይችላሉ።

«ለውጭ የዘይት ቀለም ይሻላል፣ ጠንካራ ነው።» ለብረት በርና መስኮት አዎ። ለግድግዳ ግን ተዉት። አዲስ የሲሚንቶ ልስን የዘይት ቀለምን ይበላዋል፣ ስለዚህ ለየትኛውም ቀለም ቢሆን ልስኑ አንድ ወር ያህል ይድረቅ። ጭቃ ቤት ላይ ደግሞ የባሰ ነው። ግድግዳው ከመሬት የሳበው እርጥበት መውጫ ያጣና ቀለሙን ከውስጥ ገፍቶ ይልጠዋል። ሰኞ ገበያ አካባቢ እንዲህ የተቀባ አሮጌ ቤት አውቃለሁ፤ ክረምቱ ሲወጣ ቀለሙ በቁራጭ በቁራጭ ይረግፍ ነበር። ለጭቃ ቤት ኖራ ይበልጣል፣ ግድግዳው ይተነፍሳል።

አሁን ወደ ዋናው። «ካታሎግ ላይ ያማረ ግድግዳ ላይም ያምራል።» አያምርም፣ ቢያንስ ያንኑ አይመስልም። ቀለም ሰፊ ቦታ ላይ ሲወጣ፣ በዚያ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት፣ ይፈካል፣ ይደምቃል። ካታሎጉ ላይ ክሬም የነበረው ውጭ ነጭ ይሆናል፣ ለስለስ ያለው ቢጫ መንደሩን የሚረብሽ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ከወደዳችሁት አንድ ደረጃ ደብዘዝ ያለውን ውሰዱ። ስልኩንማ ጭራሽ አትመኑት፤ ካሜራው ቀለም ይቀይራል፣ ስክሪኑ ይቀይራል፣ ፎቶውን የለጠፈው ሰውም አሳምሮት ሊሆን ይችላል።

ብርሃኑም በየቦታው አንድ አይደለም። ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው፣ ግን ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፣ ሞቃት ናት። እኛ ጦሳ ተራራ ሥር ነን፣ ክረምት ላይ ጉሙ ቤቱ ድረስ ይገባል። በደመና ብርሃን ግራጫ ቀለም ወደ ሰማያዊ ያደላል። አንዲት የደሴ ሆጤ ሰፈር እናት ኮምቦልቻ የወንድማቸውን ቤት አይተው ቀላል ግራጫ አዘዙኝ። ናሙና ልቀባ ብል «አይ ልጄ፣ በዓይኔ ያየሁት ነው» አሉ። ቀባሁ። ሐምሌ ላይ ደወሉ፣ «ሰማያዊ ቀባህብኝ እኮ!» ቀለሙ ያው የወንድማቸው ቤት ቀለም ነው። በመጨረሻ ትንሽ ቡኒ የገባበት ግራጫ ግድግዳው ላይ ሞክረን፣ በጉም ቀን አይተውት፣ እንደገና ተቀባ። የሁለተኛውን ዙር የቀለምና የእጅ ዋጋ ሲከፍሉ አንጀቴን በሉት፣ ምክንያቱም ለሙከራ አንድ ትንሽ ጣሳ ቀለም ያድናቸው ነበር።

ጣሪያውንም ሰው ይረሳል። አረንጓዴ ቆርቆሮ ሥር ያለ ሮዝ ግድግዳ ዓይን አያሳርፍም። ጣሪያ በየጊዜው አይቀየርም፣ ስለዚህ ከሱ ጀምሩ፣ ቀጥሎ የግቢውን በር እዩ፣ ግድግዳው መጨረሻ ይምጣ።

አሞካከሩ ቀላል ነው። ሁለት ወይ ሦስት ቀለም በትንሽ በትንሽ ጣሳ ግዙ። ግድግዳው ላይ መጀመሪያ ነጭ ፕራይመር ይቀባ፣ ምክንያቱም የሲሚንቶው ግራጫ ከሥር ሆኖ ቀለሙን ያጠፋዋል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ሁለት እጅ፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘውም የከሰዓት በሚያገኘውም ግድግዳ ላይ ቀቡ። እርጥቡን አይታችሁ አትፍረዱ፤ የውሃ ቀለም ሲደርቅ ይጠቁራል። ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዩት። መንገድ ተሻግራችሁም እዩት፣ ጎረቤት የሚያየው ከዚያ ነው።

ከወሰናችሁ በኋላ የገዛችሁት ሁሉ አንድ በርሜል ውስጥ ይደባለቅ። በእጅ የተቀመመ ቀለም ሁለተኛ አይደገምም፣ ግማሽ ግድግዳ ላይ ቢያልቅ ልዩነቱ ያስታውቃል።

«ለእንቁጣጣሽ ይድረስልን» የሚለውም አለ። ነሐሴ ላይ ግድግዳው ውሃ ጠጥቷል፣ የተቀባው ያብጣል። ለበዓሉ ውስጡን አስቀቡ፣ ውጩን ለጥቅምትና ኅዳር አቆዩት። ወሎ የበልግ ዝናብም ስላለ እስከ የካቲት መጎተት ጥሩ አይደለም። በብርዱ ወራት ጤዛው ሳይደርቅ አይጀመር፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም አይቀባ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከያዘው ዓመት ሳይሞላው ይላጣል።