ስለ ዳፍት ፐንክ «ራንደም አክሰስ ሜሞሪስ» የሚወሩ የተሳሳቱ ነገሮች እና እውነታው

ይሄ ዳፍት ፐንክ የሚባለው የሁለት ፈረንሳዮች፣ የቶማስ ባንጋልተርና የጊ ማኑኤል ደ ኦሜም ክሪስቶ፣ ቡድን አራተኛና የመጨረሻ ስቱዲዮ አልበም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው። እስካሁን ስለሱ ከሚወራው ብዙው ልክ አይደለም።

«ኤሌክትሮኒክ ነው፣ ሁሉንም ኮምፒውተር ነው የሰራው»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ልጆቹ እኮ እዚህ አልበም ላይ ሆን ብለው ነው ወደ ሰው የሄዱት፣ ድራሙን ኦማር ሃኪምና ጆን ሮቢንሰን ናቸው ቁጭ ብለው የመቱት፣ ቤዝ ላይ ናታን ኢስትና ጄምስ ጂነስ፣ ጊታር ላይ ናይል ሮጀርስና ፖል ጃክሰን ጁኒየር አሉ፣ እነዚህ ደግሞ ለትልልቅ ዘፋኞች ስቱዲዮ ውስጥ ሲጫወቱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ድራም ማሽን የሚሰማው ሁለት ዘፈን ላይ ብቻ ነው። ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሮኒክ የሚባለው ከዘፋኙ ፓንዳ ቤር ጋር የሰሩት «ዱዊን ኢት ራይት» ነው፣ በቃ።

ግን «ኮምፒውተር ጭራሽ አልነኩም» የሚሉም አሉ፣ እሱም ልክ አይደለም። ቀረጻው በአናሎግ ቴፕም ፕሮ ቱልስ በሚባለው የኮምፒውተር መቅረጫ ፕሮግራምም ጎን ለጎን ነው የተያዘው፣ ከዛ እያዳመጡ የሚሻለውን መረጡ።

«እንደ ድሮው የሰው ዘፈን ቆርጠው ነው የሰሩት»

ቀድሞ ባወጡት «ዲስከቨሪ» አልበም ላይ ሳምፕል (ከሌላ ሰው ዘፈን የተቆረጠ ድምፅ) ሞልቷል፣ እውነት ነው። እዚህ ግን የሌላ ሰው ዘፈን የገባው መጨረሻው ላይ «ኮንታክት» ውስጥ ብቻ ነው፣ ሸርብስ ከሚባል የአውስትራሊያ ባንድ የተወሰደ። የዚሁ ዘፈን መግቢያ ላይ የሚያወራው ሰውዬ ደሞ ተዋናይ እንዳይመስላችሁ፣ የአፖሎ 17 አስትሮኖት ዩጂን ሰርናን የእውነት ድምፅ ነው።

«የሮቦቱ ድምፅ አውቶቱን ነው»

ሁለቱ የሮቦት ሄልሜት አድርገው ስለሚታዩ ነው ሮቦቶቹ የሚባሉት። «ዲስከቨሪ» ላይ ባለው «ዋን ሞር ታይም» አዎ፣ እዚህ ግን የሮቦቱ ድምፅ ቮኮደር ነው። አውቶቱን የዘፋኙን ኖታ ያስተካክላል፣ ቮኮደር ግን የአነጋገሩን ቅርፅ ወስዶ ሲንተሳይዘሩ ላይ ስለሚጭነው መሳሪያው ራሱ የሚናገር ይመስላል። ልዩነቱን ለመስማት «ዊዚን»ን በጆሮ ማዳመጫ ክፈቱት፣ ከስር ያለው የቺሊ ጎንዛሌስ ፒያኖ ብቻውን ያስለቅሳል። «ጌት ላኪ»ን በዋናነት የሚዘፍነው ደሞ ፋሬል ዊሊያምስ ነው፣ ሮቦቶቹ መሀል ላይ ነው የሚገቡት።

«ጆርጂዮ ባይ ሞሮደርን የደረሰው ሞሮደር ነው»

አይደለም፣ የዲስኮ ፕሮዲውሰሩ ጆርጂዮ ሞሮደር ለዚህ ዘፈን የሰጠው ወሬውን ነው። ስቱዲዮ አስገብተው የህይወት ታሪኩን አስወሩት፣ ሙዚቃውን ዳፍት ፐንኮቹ ከሙዚቀኞቻቸው ጋር ሰሩት። የሚገርመው ለአንድ ሰው ወሬ የተለያየ ዘመን ሶስት ማይክ ነው የተደረደረው፣ ስለየትኛው ዘመን እንደሚያወራ አይተው የዛን ዘመን ማይክ ሊጠቀሙ ነው። ይሄን ልዩነት ማንም አይሰማውም ትላላችሁ፣ እነሱ ግን ሰምተውታል፣ እኔ ለዚህ አልበም ያለኝ ክብር ከዚህ ነው የሚመጣው። በ2014 ግራሚ ላይ ከአመቱ አልበም ሽልማት ጋር የምርጥ ቀረጻውንም የወሰደው በዕድል አይደለም።

«ይሄን አውጥተው ተበተኑ»

መለያየታቸውን ያሳወቁት በፌብሩዋሪ 2021 ነው፣ ወደ ስምንት አመት ገደማ ቆይተው። በ2023 የወጣውን ድራምለስ የሚባለውንም አዲስ ስራ ነው የሚሉ አሉ፣ እሱ ያው የ2013ቱ ቀረጻ ድራሙ ወጥቶለት ነው። እኔ ኦሪጅናሉን እመርጣለሁ፣ ግን ጊታሩና ስትሪንጉ ውስጥ ተደብቀው የነበሩ ነገሮች እዛ ላይ ጥርት ብለው ይሰማሉ።