ጨው ቻይ ባክቴሪያዎች፦ ጥማትና ረሃብ አንድ ላይ ሲመጡ

ጨው ቻይ ባክቴሪያ የሚባለው ሌሎቹ ማደግ በሚያቆሙበት የጨው መጠን ውስጥ ኑሮውን የሚቀጥል ነው። ስለ እነሱ ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ጨውን ነው። እኔ ግን ረሃቡም እኩል መነሳት አለበት ባይ ነኝ፤ ጨውን መቋቋም ብዙ ምግብ ይበላልና።

ከጥማቱ እንጀምር። ውሃ በሕዋስ ሽፋን በኩል የሚሄደው የሟሟ ነገር ወደበዛበት ነው፤ ኦስሞሲስ የሚባለው ይሄ ነው። ውጭው ድንገት ጨዋማ ሲሆን ውሃው በሴኮንዶች ውስጥ ከሕዋሱ ይወጣል፣ ሕዋሱ ይኮማተራል፣ እድገቱም ቀጥ ይላል። የባሕር ውሃ 3.5 ከመቶ ገደማ ጨው አለው። በፀሐይ ጨው በሚመረትባቸው ኩሬዎች ግን መጠኑ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ጨው ከታች መርጋት እስኪጀምር ድረስ። እዚያም ተመችቷቸው የሚኖሩ አሉ።

አንዱ እ.ኤ.አ. በ2002 ስም የወጣለት ሳሊኒባክተር ሩበር ነው፤ ቀይ ባክቴሪያ። እሱ ፖታሲየምን በገፍ ወደ ውስጥ ያስገባል። ውስጡም እንደ ውጭው ጨዋማ ሲሆን ውሃው የሚወጣበት ምክንያት አይኖርም። ከጉልበት አንጻር ርካሽ መንገድ ነው። ግን ፕሮቲኖቹ በሙሉ ለጨው የተበጁ መሆን አለባቸው፤ አሲዳማ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ሞለኪውሎች) የበዙባቸው ለዚህ ነው። ጨው ሲያንስ መኖር አይችልም፣ ስለዚህ ጨው ቻይ ከምንለው የጨው ጥገኛ ብንለው ይሻላል።

አብዛኞቹ ሌላ መንገድ ይዘዋል። እነሱም መጀመሪያ ፖታሲየም ያስገባሉ፣ ግን ለጊዜው ነው። ቀጥሎ የሕዋሱን ሥራ የማይረብሹ ትንንሽ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎችን ያከማቻሉ፦ ግላይሲን ቤታይን፣ ፕሮሊን፣ ትሬሃሎስ፣ ኤክቶይን። ኤክቶይን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ የተገኘውም ግብፅ ውስጥ ከዋዲ ናትሩን ጨዋማ ሐይቅ ከተወሰደ ባክቴሪያ።

ረሃቡ እዚህ ጋ ይመጣል። እነዚህን ሞለኪውሎች ለመሥራት ካርቦንና ጉልበት ያስፈልጋል፤ ጨው በጨመረ ቁጥር ደግሞ የሚሠራው መጠን ይጨምራል። ለዚህ ነው ቤታይን ውጭ ላይ ካገኙ እሱን ስበው አስገብተው የራሳቸውን ምርት የሚቀንሱት። ከምግባቸው የሚያገኙት ጉልበት ትንሽ የሆነ፣ ለምሳሌ አሞኒያን አቃጥለው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ በጣም ጨዋማ ቦታ ላይ የማይታዩትም ወጪውን ስለማይችሉት ነው የሚለው ማብራሪያ ለእኔ በጣም አሳማኝ ነው።

ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የናይትሮጅኑ ነገር ነው። አንድ የኤክቶይን ሞለኪውል ሁለት ናይትሮጅን ይዟል። ትሬሃሎስ ስኳር ስለሆነ ምንም የለውም። ያ የዋዲ ናትሩን ባክቴሪያ ናይትሮጅን ሲያጥረው በናይትሮጅን የተሠሩትን ሞለኪውሎች እየቀነሰ በትሬሃሎስ ይተካል። ጥማቱን መከላከሉን ሳይተው በእጁ ባለው ነገር ይሠራዋል ማለት ነው። ሃሎሞናስ ኢሎንጋታ የተባለው ሌላ ጨው ቻይ ባክቴሪያ ደግሞ ኤክቶይንን ራሱን እንደ ምግብ ሊበላው ይችላል። ካርቦን ተርፎ ሌላው ሲጎድል ደግሞ ብዙ የሃሎሞናስ ዝርያዎች ትርፉን ፕላስቲክ መሰል እንክብል አድርገው ውስጣቸው ያስቀምጡታል።

ጨው በድንገት ሲቀንስስ? አደጋው ይገለበጣል። ውሃ እየተንደረደረ ይገባና ሕዋሱ ሊፈነዳ ይደርሳል። ያኔ ሽፋኑ ሲወጠር የሚከፈቱ በሮች አሉ፤ ያጠራቀመውን በእነሱ በኩል ወደ ውጭ ይለቃል። ሰዎች ይህንን አይተው ሃሎሞናስን ማለብ ጀመሩ፦ በ10 ከመቶ ጨው ያሳድጉታል፣ ጨዉ በጣም ወዳነሰበት ያወርዱታል፣ የፈሰሰውን ኤክቶይን ይሰበስባሉ፣ መልሰው ወደ ጨዉ ይከቱታል። እሱም እንደገና ይሠራል። ለቆዳ ቅባት የሚውል ኤክቶይን እንዲህ ተመርቷል።

በደህናው ጊዜም ከሽፋኑ ሾልኮ የሚወጣ ኤክቶይን አለ። ሃሎሞናስ ግን እየለቀመ የሚመልስበት ልዩ ማስገቢያ አለው። ይህ ማስገቢያ በተበላሸበት ሕዋስ፣ የተለፋበት ኤክቶይን ውጭ እየፈሰሰ ይቀራል።